ለአሥራ ስምንት ዓመት አሥራ ስምንት ጽጌረዳ

ውድ ቲሞሻ፣

ካባሮቭስክ በሰላም መግባትህን ከራስህ አፍ ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል። ጉልበትህ በጉዞው እንዴት እንደዋለ ስጠይቅህ ግን ወሬ ቀየርክ። ይሁን። እኔም በስልክ የማልናገረው ነገር አለኝና በወረቀት ልናገረው። የዚያን ቅዳሜ አንተ ሜዳው ላይ ስለነበርክ ተመልካቹ ዘንድ የሆነውን ሁሉ አላየህም። ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ ጭራሽ አታውቅም።

ረቡዕ ዕለት የቅርጫት ኳስ ክለባችሁ ኃላፊ ኤድዋርድ ልቮቪች ገበያ ድረስ መጥቶ የአበባ መደብሬ ፊት ቆመ። ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ቲሞፌይን ከተጫዋችነት ልንሸኘው ነው አለኝ። ቡድኑ በላይኛው ሊግ የሚቆየው ወይም የሚወርደው በዚያ ጨዋታ መሆኑን የሳራቶቭ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለምን ከጨዋታው በኋላ አይሆንም ብዬ ጠየቅኩት። አበባ የሚሰጥህ ትልቅ እንግዳ ቶሎ መሄድ አለበት አለ። ከሽኝቱ በኋላ አንተ ሳትጫወት በሙሉ ልብስህ ከክብር እንግዶች ጋር ትቀመጣለህ።

“እሱ ያውቃል?” አልኩት።

“ድንገተኛ ስጦታ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ብቻ ነው የነገርነው። አደራ እንዳትነግሪው።”

ከዚያ ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቀይ ጽጌረዳ፣ በድምሩ አሥራ ስምንት አዘዘ። ስህተቱን እስኪያስተውል ጠበቅኩት። በቁጥር ሙሉ የሆነ፣ ለሁለት እኩል የሚከፈል አበባ ለመቃብር እንጂ በሕይወት ላለ ሰው እንደማይሰጥ ለአስተማሪው አበባ የሚወስድ የአንደኛ ክፍል ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱ ግን ስልክ እያወራ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ጨምር ወይም አንድ ቀንስ ባልኩት ነበር፤ ስንቱን የተደናገጠ ሙሽራ እንዲህ ብዬ አድኛለሁ። ነገሩን መዘንኩት። ለአንተ ብነግርህ ከኃላፊው ጋር ተጣልተህ ከነጭራሹ ከአዳራሹ ትባረራለህ። ዝም ብል ግን ስህተቱን አዳራሹ ራሱ ይናገረዋል። ዝም አልኩ። አበባውን አሳምሬ ጠቀለልኩለት።

እኛ ቤት ማሞገስ ልማድ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ሰው ሲያሞግስህ ዓይን እንዳይበላህ በግራ ትከሻችን በኩል ትፍ ትፍ እንላለን፣ እንጨት እናንኳኳለን፣ ዝም እንላለን። ካዛን ሄደህ በመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ስትሆን ዝም አልኩ። ቱርክ አገር ኢዝሚር ላይ አፍንጫህ ተሰብሮ በፋሻ ታሽገህ ስትጫወት በቴሌቪዥን አይቼ፣ አሁንም ዝም አልኩ። ክራስኖያርስክ ዋንጫ ያነሳህ ዕለት ደንበኞቼ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ “ረጅም ነው፣ ሌላ ምን ይሥራ?” ብዬ አለፍኩ። በታመመ ጉልበት ወደ ከተማህ ክለብ ስትመለስ ሰው ሊያርፍ መጣ አለ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በቮልጋ ወንዝ ዳር በበረዶ ላይ ስትራመድ አይህ ነበር። እንደዚያ የሚራመድ ሰው ለማረፍ አልመጣም።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከራይሳ ጋር ተቀመጥኩ፤ ገበያ ላይ አጠገቤ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር የምትሸጠዋ። ስምህ ተጠራ፣ በሙሉ ልብስህ መሐል ሜዳ ወጣህ። እንግዳው አበባውን አነሳ፣ አስተዋዋቂውም በኩራት “ለአሥራ ስምንት ዓመታት አሥራ ስምንት ጽጌረዳ” አለ።

ከላይ አንድ ሽማግሌ “ሰውየው እኮ በሕይወት አለ” አሉ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ቀጥሎ ቁጣ። ራይሳ ብድግ ብላ “ኤድዋርድ ልቮቪች፣ እንግዲህ ንፍሮውንም አምጣዋ!” አለች። ከኋላችን ደግሞ አንዱ “አንድ ዓመት ጨምሩለት፣ ጎደሎ ቁጥር ይሆናል” ብሎ ጮኸ፤ ያንን እየተቀባበሉ ስምህን መጥራት ጀመሩ። እንግዳው አበባውን ለኃላፊው አቀበለና ገለል አለ። ኃላፊው ሰው እንዳስታቀፈው ሕፃን ይዞት ቀረ።

አንተ አልተቀበልክም። ያልከውን ፊት የተቀመጡት ነገሩኝ፤ “ይቆይ፣ ገና ሥራ ላይ ነኝ” ነው ያልከው። ከዚያ ኮትህን አወለቅክ። ሸሚዝህን ስትፈታ ማሊያህ ከሥር አለ። ያን ጊዜ ብቻዬን ሳቅኩ። ሙሉ ልብስ ልበስ ሲሉህ ጠርጥረህ ኖሯል፤ የነጋዴ ዘር ነህ፤ መውጫህን ሳታዘጋጅ አትገባም። አሠልጣኛችሁም ቢሆን እንዳያሰልፍህ ተነግሮት ሳለ ስምህን ከተጫዋቾቹ ዝርዝር አላወጣውም ነበር።

በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ገባህ። መሮጥ አልቻልክም፣ እውነቱን ልንገርህ። ግን ያ ግዙፍ ተጋጣሚ ሊያልፍበት ያሰበበት ቦታ ላይ ሁሉ ቀድመህ ትቆማለህ። በደረቱ ገፍቶ ሲጥልህ ዳኛው ኳሱን ለእኛ ሰጠ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ትወረውራለህ ብለው ባንተ ላይ ሲረባረቡ የቡድናችሁ ቀይ ጸጉሩ ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቀርቶ ነበር። ሳታየው ሰጠኸው። አገባ፤ ሊጉ ውስጥ ቆየን።

ራይሳ ጀርባዬን በጡጫ እየደበደበች “ይሄ የማን ነው? የማን ነው በይ!” አለችኝ።

“የእኔ ነው” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ትፍ ትፍም አላልኩ፣ እንጨትም አላንኳኳሁ።

ሰኞ ኤድዋርድ ልቮቪች መጣና ለምን አልነገርሽኝም አለኝ።

“ደንበኛ ያዘዘኝን ነው የምሸጠው” አልኩት። “አንተስ ቲሞፌይን ምነው ሳትጠይቀው?”

ፊቱን አዙሮ ሄደ። ውልህንም አላደሰልህም፤ ይህን ጠብቄ ነበር። ገበያው ውስጥ አንዳንዶች በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ ለአንድ ዓመት ውል ብሎ አገር ጫፍ ካባሮቭስክ ምን ይሠራል እያሉ ያዝኑልሃል። እኔ አላዝንልህም። በእግርህ ወጥተህ በእግርህ ነው የሄድከው፣ ያውም ሥራ ተሰጥቶህ።

አንድ ቀን ይበቃኛል ትላለህ። ያን ቀን የምትወስነው አንተ ብቻ ነህ። ስትወስን ግን ከጋዜጠኛም ከኃላፊም በፊት ለእኔ ደውል። የማርች ስምንት የሴቶች ቀን ዋዜማ ቢሆን፣ የሳራቶቭ ወንድ ሁሉ ለሚስቱና ለእናቱ አበባ ሊገዛ መደብሬ ፊት ተሰልፎ የዓመት እንጀራዬን የማገኝበት ሰዓት ቢሆን እንኳ፣ ዘግቼ እመጣለሁ።

በአንተ የምትኮራው
አክስትህ ካፒቶሊና