የአባትሽ ኢርቅሱስ

ልጄ ሃዲል፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፤ ያረገዝሽውንም በሰላም ያገላግልሽ። እኛ አሁን ደህና ነን።

አባትሽ እግሩ አብጦ፣ ጉልበቱ ከድቶት ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅሁሽ። ድካሙ ከጨጓራው ነው ብዬ ያንኑ ገበያ እየቀዳ የሚሸጠውን ጣፋጭ ሥር፣ ኢርቅሱሱን፣ ጠዋት ማታ እየዘፈዘፍኩ አጠጣው ነበር። በደከመ ቁጥር እጨምርለታለሁ! በኋላ ሐኪም ቤት ብወስደው፣ ሐኪሟ የደም ግፊቱን ለክታ ከፍ ማለቱን አይታ፣ ሥራውንም ጠይቃ፣ "ኢርቅሱሱን በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?" አለችው።

"ለእያንዳንዱ ገዢ ከመቅዳቴ በፊት አንድ ጉንጭ እቀምሳለሁ። እንዲህ ሳደርግ አርባ ዓመቴ ነው።"

"እንግዲያው በሽታዎ እሱው ነው።"

መጠጣቱን ተወው። በሦስት ሳምንት እብጠቱ ጎደለ፣ ግፊቱም ወረደ፤ አልሐምዱሊላህ! ዛሬ የነሐስ ስኒዎቹን እያቃጨለ ሐሚዲያ ገበያ ወጣ። አንዱ ደንበኛው፣ "አቡ ሃዲል፣ ሳትቀምስ ትቀዳለህ? መርዝ ጨመርክበት እንዴ?" ቢለው፣ "እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ፤ አንተ ያንተን ጠጣ" አለው።

ሐኪሟ ለሳል አልፎ አልፎ አንድ ስኒ አይከፋም፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም ብላናለች። የላክሁልሽን ሥር እንዳትጠጪው፣ አደራ። አላህ ያኑርሽ፣ ልጄ። ሥሩን ግን አትጣይው፤ ከትራስሽ አጠገብ አስቀምጪው። አባትሽ ከገበያ ሲገባ የልብሱ ጠረን እሱ ነው።

እናትሽ