እደጅ ወጥተን ጠይቂኝ

ውድ ሜሪም፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ እኔ ግን ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በይኝ፤ ካልፈለግሽም አትበይኝ።

ቡሩል ነኝ። በቆክ-ሱ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ካለው ቤት። ጫማሽ ጭቃ በገባበት ቁጥር ምድጃ ጥግ አደርቅልሽ የነበርኩት ሴትዮ። ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አይነሳም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወንዙን በገመድ አሻግሬ ወደ ከተማ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቼ ወደ መሥሪያ ቤትሽ ልኬዋለሁ። አባቴ ማምቤታሊ ሞቷል። አርባውን ትናንት አወጣን።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከመምጣትሽ በፊት የመንደሩ ሹም ሻርሼን ሰውን ሁሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበ። አዲሱ የሲሚንቶ ድልድይ ተፈቅዷል፣ ገንዘቡም መጥቷል፤ ከመሠራቱ በፊት ግን አንዲት የቅርስ ባለሙያ መጥታ ቦታው ላይ ጥንታዊ ነገር አለመኖሩን አይታ መፈረም አለባት አለን።

«ስሙ ወገኖቼ፣» አለ፣ «ልጅቷ መሬቱን ጫር ጫር ታደርጋለች፣ ‹ምንም የለም› ብላ ትጽፋለች፣ እኛም በረዶው ሳይጥል በአዲሱ ድልድይ እንሻገራለን። እዚያ ምንም ድንጋይ የለም።»

«እንዴት የለም?» አለ ዱይሸን። «ትናንት እንኳን ፈረሴን ያሰርኩበት...»

«ዱይሸን፣ የለም አልኩህ!»

«እሺ፣ የለም። ታዲያ ፈረሴን ያሰርኩት ምን ላይ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ድንጋዮቹን የማያውቅ አልነበረም። በልጅነታችን እዚያ መጫወት ክልክል ነበር፤ የቆዩ ሰዎች ተኝተውበታል ይሉን ነበር። መላውን ያመጣውም ራሱ ዱይሸን ነው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ አብረው ፈረስ የሰረቁ፣ አብረው የተገረፉ። ከበረዶው ወራት የተረፈችውን ድርቆሹን በጋሪ አምጥቶ ድንጋዮቹ ላይ ከመራት። ሁላችንም የየቤታችንን ትራፊ ጨምረን ተሸከምን፣ እኔም ተሸከምኩ። በሰኔ፣ የማንም ከብት ቤት አንዲት እፍኝ ድርቆሽ ባልቀረበት ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ቤት የሚያህል ክምር ቆመ። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽና አልገረመሽም። «ሲያምር!» ብለሽ ፎቶ አነሳሽው።

አባቴ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «እኔን ብቻ እንዳትጠይቀኝ አድርጉ፣» አለ። ሰው እንደ ቀልድ ሳቀ። ሻርሼን ደግሞ ለድልድዩ ቅርብ ነው፣ አልጋውም ንጹሕ ነው ብሎ አንቺን የት አሳደረሽ? እኛ ቤት።

አንቺን መጥላት ብችል እንዴት ባረፍኩ። አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ትንንሽ ጉድጓድ ስትቆፍሪ ትውያለሽ፣ ስትመለሺ እጅሽን ታጥበሽ ከእኔ ጋር ድንች ትልጫለሽ። አባቴ የእናቴን ታሪክ ሲነግርሽ፣ እኔ መቶ ጊዜ የሰማሁትን፣ አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ትሰሚዋለሽ። «ልጄ» ይልሽ ነበር። እኔን ካገባሁት ሰው ተፋትቼ ሻንጣዬን ይዤ የመጣሁ ዕለት እንኳን እንደዚያ በሚጣፍጥ ድምፅ አልጠራኝም።

የመጨረሻውን ምሳ ታስታውሻለሽ። በግ አርደን ነበር። ማዕዱ ተዘርግቷል፣ አባቴ ዳቦውን ባርኮ ቆርሷል፣ አንቺ ዳቦሽን ስልባቦት እያስነካሽ «ነገ ‹ምንም የለም› ብዬ እዘጋዋለሁ፣» አልሽ። እኔ ተገላገልን አልኩ በልቤ። ቀጠልሽ። «ግን አባባ፣ እርስዎ እዚህ ነው የተወለዱት። እውነት እዚያ ወንዝ ዳር ምንም የለም?»

አባቴ ዳቦውን አየ፤ ከዚያ አንቺን አየ።

«ይሄን ጥያቄ እደጅ ወጥተን ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

ሳቅሽ። «ምነው አባባ፣ እዚህ ብጠይቅዎ ምን አለበት?»

«እደጅ ጠይቂኝ ነው የምልሽ። ወንዙንም እያየን፣ አየሩንም እየሳብን።»

እኔ ከጨርቁ ሥር ጉልበትሽን ነካሁሽ። አልገባሽም። «ይንገሩኝ እንጂ፣» አልሽ፣ ያን ዳቦ በእጅሽ ይዘሽ። እኛ አገር ዳቦ በመካከል ተቀምጦ፣ ያውም ለእንግዳ፣ ሰው አይዋሽም። ዳቦ ይመታዋል። ምናልባት ከተማ ይሄ ቀርቷል፤ ወይ እናትሽ ሳትነግርሽ ቀርታለች። አባቴ እደጅ ቢሆን ኖሮ በደንብ አድርጎ ይዋሽሽ ነበር። በፈረስ ገበያ ላይ እንደ እሱ የሚዋሽ አልነበረም፤ ዱይሸን ምስክር ነው።

«ከድርቆሹ ሥር ነው፣» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ድርቆሹን ስታስነሺ ዱይሸን ኮፍያውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? የኔ ድርቆሽ ነው!»

«አባባ፣ ከሥሩ ያለውን ማየት አለብኝ።»

ዱይሸን ዞር ብሎ አባቴን አየ። አባቴ በራችን ላይ ቆሟል።

«ማምቤታሊ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ዳቦ ላይ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ አፍህን በዳቦው አትሞላውም ነበር!»

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ድንጋዮቹ ተሰልፈው ወጡ፤ ከሥራቸው ከፈረሱ ጋር የተቀበረ ሰው። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ብለሽ አለቀስሽ፤ በደስታ ነው ያለቀስሽው። አቀፍሽኝ። እኔም፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ አቀፍኩሽ። «በመኸር ባልደረቦቼን ይዤ እመጣለሁ፣ በሥርዓት እናነሳዋለን፣ ድልድዩ ቢዘገይ አንድ ዓመት ነው፣» አልሽ። ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፍነሽ፣ አፈር አልብሰሽ፣ የተጠበቀ ቦታ ነው የሚል ሰሌዳ ተክለሽ ሄድሽ።

መኸሩ መጣ፤ አንቺ አልመጣሽም። ሻርሼን ወደ ወረዳው ሄዶ ተመለሰና በራችን ላይ ከፈረሱ ሳይወርድ ለአባቴ ነገረው። በዓመቱ ውስጥ ያልተሠራበት ገንዘብ ለሌላ ወረዳ ተሰጥቷል። ድልድዩ የለም። «እንኳን ደስ አለህ፣» አለው፤ ፈረሱን አዞረና ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። አባቴ ሰው ቤት ሲገባ ሴቶቹ «ዳቦውን ሸፍኑት፣ ማምቤታሊ መጣ!» ይሉና ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። እየቆየ ሳቁ ጠፋ፣ መሸፈኑ ብቻ ቀረ።

በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞላ። አሮጌው ድልድይ ላይ ከባድ ነገር እንዳያልፍ የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ሌላ መንገድ የለም፣ ድንች ደግሞ በሰሌዳ አይበቅልም። የዱይሸን ልጅ ኤርማት የድንች ዘር ጭኖ በትራክተር ሲሻገር መሃሉ ተሰበረ። ታውቂዋለሽ፤ ያን የመለኪያ ገመድሽን ሲይዝልሽ የነበረው፣ ሲስቅ ጥርሱ የተሸረፈው። በታችኛው መንደር በኩል ሬሳውን አወጡት። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።

የሟች ሥርዓታችንን አይተሽ እንደሆነ አላውቅም። ሬሳው ካረፈበት የበግ ጠጉር ድንኳን ይወጣና ወንዶቹ ደጅ ተሰልፈው የጀናዛ ሶላት ይሰግዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ እናወርዳለን። ከዚያ ኢማሙ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሕዝቡም «ጥሩ ሰው ነበር!» ብሎ ይመልሳል። ሰካራምም ሌባም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚባለው። አላህ ፊት ስንቁ ያቺ ቃል ናት። ለኤርማት የተመለሰው ድምፅ ድንኳኑን አንቀጠቀጠው። ከሁሉም በላይ የአባቴን ድምፅ ለየሁት። ጮኸ፤ እስኪያስለው ድረስ ጮኸ።

ዱይሸን አላባረረውም። ሻይ ሰጠው፤ ሲሰጠው ግን ዓይኑን አላየውም።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ዳቦ ቆርሶ አያውቅም። ማዕዱ ሲዘረጋ ዳቦውን ወደ እኔ ይገፋና «አንቺ ቁረሺ፣» ይለኛል። ማታ ማታ ወደ ድንጋዮቹ ሄዶ የነፋስ መጫወቻ የሆነውን ላስቲክሽን በድንጋይ ይጭናል። እኔ ንዴት ያዘኝ። ከሺህ ዓመት በፊት ለሞተው ሰው ሰሌዳ ተተክሎለታል፣ ላስቲክ ለብሷል፣ ጠባቂም አግኝቷል። ኤርማትን ማን ጠበቀው? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባባ፣ ለምን አልዋሸሃትም? አንዲት ቃል ነበረች እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እደጅ ጠይቂኝ አልኳት እኮ፣» አለኝ እንደ ሕፃን። «አልኳት እኮ፣ ቡሩል። ሁለቴ አልኳት።»

«እሷማ ምን አለባት!»

«ልጅቷን ተያት። ከተማ ነው ያደገችው።»

በኅዳር ሳንባው ታመመ። ሐኪሟ ወንዙን መሻገር አቅቷት ከማዶ መድኃኒቱን በገመድ ላከችልን። ዘግይቶ ነበር። ሲሞት ስለ ድልድዩም ስለ አንቺም አላነሳም፤ ዱይሸን መጥቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። አልመጣም ነበር። «እየመጣ ነው፣» አልኩት። ማዕድ አልነበረም፣ ዳቦ አልነበረም፤ ዋሸሁት።

ለቀብሩ መንደሩ በሙሉ ወጣ። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ድንኳኑን ተከሉ፣ መቃብሩን በዚያ በረዶ በሠራው መሬት ቆፈሩ፣ አንዲት ሥርዓት አላጎደሉም። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ሙሾውን ይዣለሁ። ሴት ልጅ የአባቷን ደግነት እየጠራች ታለቅሳለች፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ደግነቱን ልጠራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያቺ ምሳ ትመጣብኛለች። የኤርማት ሚስት ጨቅላዋን ታቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

ደጅ ሶላቱ አለቀ።

«ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለ ኢማሙ።

ዝም።

ሙሾዬን አቆምኩ። ሴቶቹም አቆሙ። በድንኳኑ ግድግዳ በኩል የፈረሶች ትንፋሽ ይሰማል።

«ወገኖቼ፣ ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

ዝም። ማንም ክፉ አላለም። ሁሉም ዱይሸንን እየጠበቀ ነው፤ ልጁን ያጣው እሱ ነውና የመጀመሪያው ቃል የእሱ ነው። ጮኼ ልመልስ ተነሳሁ፣ አክስቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። እዚያ የሴት ድምፅ አይቆጠርም።

ኢማሙ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ።

«የኛው ሰው ነበር፣» አለ ዱይሸን። «አንሱት።»

አነሱት። ጥሩ የምትለዋ ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም። አባቴ ያለ እሷ ሄደ።

ዱይሸንን አልተቀየምኩትም። ልጁን ቀብሮ ይህን ማለቱም ከእሱ ብዙ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንቺንም ረሳሽን ብዬ አልከስሽም፤ አለቆችሽ ሌላ ቦታ ልከውሽ ይሆናል፣ ገንዘብ ጠፍቶ ይሆናል፣ አላውቅም። ሻርሼን ግን የጻፍሽውን ሪፖርት አሳየኝ። «የአካባቢው ነዋሪ በሰጠው ጥቆማ» ይላል። ስሙን አላነሳሽም። ስም የነበረው ሰው ነው፣ ሜሪም። ዳቦውን በልተሻል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ድልድይ አልልሽም። ኤርማትን መልሺ አልልሽም። መልስ ጻፊ፤ ለእኔ ሳይሆን ለኢማሙ፣ አርብ ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ፊት እንዲያነበው። የተጠየቀው ጥያቄ አሁንም እዚያው ቆሟል፣ ማንም አልመለሰውም። ማምቤታሊ እንዴት ያለ ሰው ነበር? ምናልባት ሲነበብ ሰዎቹ ተነስተው ይሄዱ ይሆናል። ምናልባት ሙታን ዘግይቶ የመጣ ቃል አይሰሙም። እኔ ተስፋ የለኝም፤ ቢሆንም ጻፊ።

ስትጽፊ ግን እደጅ እንዳትወጪ። ዳቦ ከፊትሽ አስቀምጪ።

የማምቤታሊ ልጅ፣
ቡሩል