አጥንት አልነበረም

ውድ ጋሼ፣

አፈር ይቅለልህ ብዬ ብጀምር ለቅሶ ቤት የገባሁ ይመስልብኛል፤ አንተ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብተህ ሁለት ደቂቃ ሳትቀመጥ ሰው የምታስቅ ነበርክ። ስለዚህ ዳር ዳር አልልም። ቃሌን በልቻለሁ። ለልጅህ ነግሬያታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር ትምህርቷን ጨርሳ በመርከብ መጣች። እኔ እንደወትሮዬ ወደቡ ላይ፣ የእንስሳት ቁጥጥሩ ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ነበር። “ያለ ፈቃድ እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው” የሚለው ማስታወቂያ አሁንም ከጀርባዬ አለ። “ሰው ስንቱን ጉድ በሻንጣው ይዞ ይገባል፣ እናንተ ውሻ ላይ ብቻ ትጨክናላችሁ” ትለኝ ነበር አንተ። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንቺ ደግሞ ሁለቱም ነሽ” ብለህም ባልደረቦቼን አስቀህብኛል።

ልጅህ ስታቅፈኝ ኮቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

“አክስቴ፣ በናትሽ! ትንሽዬ ቡችላ ናት። እዚያ የተሳፈርኩበት ወደብ ላይ ተጥላ አግኝቻት ነው።”

“ተከትባለች? ወረቀት አላት?”

“መንገድ ላይ የተጣለች ቡችላ ወረቀት ከየት ታመጣለች?”

ጣቷ ላይ ፕላስተር አየሁ። ምንድን ነው ስላት ሳቀች። “ስትጫወት ነከስ አደረገችኝ እንጂ እብድ አይደለችም። እያት፣ ድምፅ እንኳ የላትም።”

ጋሼ፣ አልጋ ላይ ሆነህ ስለዚያ ውሻ “እብድ አይደለም፣ ድምፅ እንኳ የለውም” ያልከኝን ነው የደገመችው።

ስሙ ነው ጉድ የሠራን። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የሚክለፈለፍ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። ያንተ ግን ዝምተኛ ነበር። መርከባችሁ በቆመችበት አገር፣ ከሞተር ክፍሉ ወጥተህ አየር ስትቀበል፣ አፉን ከፍቶ ለሐጩን እያዝረከረከ መጥቶ አጠገብህ ተቀመጠ። አንጀትህ አልችል አለ። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለህ እጅህን እስከ ጉሮሮው ከተትክ። አጥንት አልነበረም። መንጋጋውን ያዛለው፣ መዋጥ የከለከለው በሽታው ነበር። ጥርሱ የጫረህን እጅ በዘይት ጨርቅ ጠርገህ ወደ ሥራህ ተመለስክ። ከዚያም አገርህ ስትገባ በእኔ ጠረጴዛ ፊት እየሳቅክ አለፍክ።

ለእኔ የነገርከኝ የክትባቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ውሃ ሲያቀርቡልህ ጉሮሮህ ሲተናነቅ፣ በመስኮት የገባ ነፋስ ሲያንዘፈዝፍህ አየሁ። መሃል ላይ ረጋ ስትል ክንዴን ይዘህ “ለልጄ እንዳትነግሪያት፤ ትኩሳት ነው በያት” አልከኝ። ትኩሳት አልናት። ገና ልጅ ነበረች፤ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰዉም “ጠንካራ ልጅ” ብሎ አመሰገናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሚጮኸው ውሻ ይልቅ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።

እና አሁን ቡችላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ “አባዬ ቢኖር ያሳልፈኝ ነበር” አለችኝ።

“ያሳልፍሽ ነበር” አልኳት። “የሞተውም እንደዚያ ዓይነት ሰው ስለነበረ ነው።”

ወደ ቢሮ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። በዚህች ባሕር በከበባት አገር ልጆች ደጅ ላይ የሚያቅፉት ውሻና ድመት ይህን በሽታ እንደማያውቁት፣ አንዴ ከገባ ግን ማውጣቱ ጭንቅ እንደሆነም ነገርኳት። ይህን የሰማች አይመስለኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ተሠቃየ?”

“ተሠቃየ።”

ቡችላዋን ግንባሯ ላይ ስማ ራሷ አቀበለችኝ። ጣቷን በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ ሐኪም ቤት ወሰድኳትና ክትባቱን ጀመረች። ክትባት የሌለው፣ ሰው የነከሰ እንስሳ በእኛ ሕግ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። በሕይወት እያለ የሚመረመር በሽታ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሙ ቡችላዋን የመጨረሻውን መርፌ ሲወጋት የያዝኳት እኔ ነኝ። እጄን ላሰችኝ። የምላሷ ሙቀት አሁንም ከእጄ አልወጣም።

ዛሬ ከላቦራቶሪ ደወሉልኝ። ቡችላዋ ምንም አልነበረባትም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልጅህ ተርፋለች። ግን ቤት እስክደርስ የማስበው ውሸት ነበር። “በሽታው ነበረባት” ብላት ለእሷም ይቀላታል፣ ለእኔም። ወጥ ቤት ሰሃን ስታጥብ አገኘኋት። ፊቴን አይታ ውሃውን ዘጋችው።

“ጤነኛ ነበረች” አልኳት።

“ታዲያ በከንቱ ነው የሞተችው?”

“ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረንም፣ የኔ ልጅ።”

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለቡችላዋ መስሎኝ አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን ዳበስኳት። ቆይቼ ሳዳምጣት “አባዬ፣ አባዬ” ነው የምትለው።

ቃሌን በመብላቴ ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ጋሼ። ልጅህ ዛሬ ገና አለቀሰችልህ።

ታናሽ እህትህ