ጥያቄው ሳያልቅ የመለሱት መምህር ፋንታሁን አሳምነው

መምህር ፋንታሁን አሳምነው ምንም ሳያጭበረብሩ አጭበርባሪ እንደተባሉ ሞቱ። የሕይወት ታሪክ በዚህ እንደማይጀመር ይታወቃል። ነገር ግን ዛሬ ለቀብር ከቆመው ሰው ገሚሱ በሆዱ የያዘው ይህንኑ ስለሆነ ቀድሞ መነገሩ ይሻላል።

መምህር ፋንታሁን ከአባታቸው ከአቶ አሳምነው አዝመራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ምህረቴ በ1946 ዓ.ም. ዳንግላ አካባቢ ተወለዱ። በቤት የሚነገረው አገውኛ ነበር። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ሲያበቁ አባታቸው ቅኔ ቤት አስገቧቸው። የኋላው ጣጣ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ነው።

በቅኔ ቤታቸው አንዱ ተማሪ ቅኔውን ሲያሰማ ሌላው አካሄዱን አይቶ መድረሻውን ካወቀበት ከአፉ ነጥቆ ይጨርስበታል። የተነጠቀው ያፍራል፤ የነጠቀው ይወደሳል። ፋንታሁን በነጠቃ የታወቁ ነበሩ። ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ መጠበቅ ለእርሳቸው ያለ ሥራ እንደ መቀመጥ ነበር። ይህ ጠባይ በትዳራቸውም እንዳልቀረ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በዳንግላ ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1966 ዓ.ም. ጫግኒ ተመደቡ። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሻረግ በዛብህ ጋር ትዳር መሥርተው ምንይችልን፣ ሀይማኖትንና ብሥራትን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ወደ እንጅባራ ተዛውረው ጂኦግራፊ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የትምህርት ቤቱን የፈተና ጥያቄ የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ፤ ከዚህ ኃላፊነት የበለጠ የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም።

በ2005 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ለሚተላለፍ የጥያቄና መልስ ውድድር ተመዝግበው አዲስ አበባ ሄዱ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች ደወል ፊት ይቆማሉ፣ ቀድሞ የደወለ ይመልሳል፣ ያሸነፈ ለሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። መምህር ፋንታሁን አሸነፉ፤ ተመልሰውም ደግመው አሸነፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሩ በሆታ ተቀበላቸው። በሁለተኛው ሆታው ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ሳምንት አቅራቢው «በግብፅ ምድር ተቆፍሮ ሁለት ባሕር...» ከማለቱ፣ እርሳቸው ደውለው «የስዊዝ ቦይ!» አሉ። አቅራቢው የያዘውን ወረቀት ገልብጦ አየ። ያችን መገልበጥ እንጅባራ በሙሉ አያት።

ከመናኸሪያ ሲወጡ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «መምህር፣ የሚመጣውን ሳምንትስ ከወዲሁ ሰጡዎት?» ብሎ አሳቀባቸው። ገሚሱ ሰው አዘጋጆቹ መልሱን አቀብለዋቸዋል አለ። ገሚሱ ደግሞ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት አብሾ ጠጥተዋል፣ አብሾ የጠጣ ሳይነገረው ያውቃል አለ። ሁለቱ ሐሜት እርስ በርሱ እንደማይስማማ ለማሰብ ጊዜ የነበረው የለም።

ከሁሉም የባሱት ጎረቤታቸውና አብሮ አደጋቸው አቶ ክንዴ ነበሩ። ቅኔ ቤት አብረው ስለነበሩና ብዙ ጊዜ የተነጠቁትም እርሳቸው ስለሆኑ፣ ነገሩን ከማንም በላይ ሊያውቁት ይገባ ነበር። እርሳቸው ግን በጠጅ ቤቱ፣ «ዓይኑን ልብ ብላችኋል? ጠያቂውን አያይም፤ ወደ ጎን ነው የሚያየው። እዚያ የቆመ ሰው አለ!» እያሉ አስተማሩ።

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። ጥያቄ አስቀድሞ የሚያገኝ ሰው ጥያቄ አስቀድሞ አይሰጥም ወይ ተባለና ፈተና የማውጣቱ ሥራ ለሌላ መምህር ተላለፈ። የደረሰባቸው ጉዳት ይህ ነው፤ ሌላው ወሬ ነበር። ያን ቀን ምሳ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተነሳ።

ለአራተኛው ሳምንት ሊሄዱ ሲነሱ ወይዘሮ የሻረግ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ጠያቂው አፉን እስኪከድን ታገሥ። ሰው ምን ይላል?» አሏቸው።

«ሰው ያለውን ብሏል።»

«ይጨምራል እንጂ መች በቃው!»

ታገሡ። አቅራቢው ስለ አውስትራሊያ ዋና ከተማ መጠየቅ ሲጀምር እጃቸው ከደወሉ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካንቤራን ከጫግኒ ጀምሮ ሲያስተምሯት ኖረዋል። ጥያቄው እስኪያልቅ ሲጠብቁ ግን ከጎናቸው የቆመው ወጣት ደወለ። የሚቀጥሉትም ጥያቄዎች እንዲሁ አለፏቸው፤ ተሸንፈው ተመለሱ። የጠጅ ቤቱ ሰው፣ «አላልንም? መልሱን ሲከለክሉት ጊዜ ወደቀ!» አለ። ቸኩለው ማሸነፋቸውም ታግሠው መሸነፋቸውም ለአንድ ክስ ማስረጃ ሆነ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። የፈተናው ሥራ እስከዚያ ድረስ አልተመለሰላቸውም። ከዚያ ወዲያ ተጠርጣሪው እርሳቸውም ተጠራጣሪ ሆኑ። «እንዴት ዋሉ?» ያላቸውን ሁሉ ምን ፈልጎ ነው ይላሉ። ሠርግ ሲጠሩ አይሄዱም፤ ቴሌቪዥኑንም ለልጃቸው ለምንይችል ሰጡት።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም ተይዘው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻረግን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልብን የሚመረምር አምላክ የሰው ምስክር ሳይሻ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አቶ ክንዴ ግን ትናንት መጥተው የሚከተለው ካልተነበበ ቀብር አልቆምም ስላሉ ታክሏል። የፈረሷ ነገር ሳይቀር ይጻፍ ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ባለፈው መጋቢት አቶ ክንዴ በሽተኛ ሊጠይቁ ገብተው፣ ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ «ፋንታሁን፣ አብረን ያደግን ነን። እስቲ አሁን እንኳ ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገረኝ። ሰጥተውህ ነበር?» አሉ።

መምህር ፋንታሁን ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ። «እንግዲያው አንተው ጠይቀኝ። ማንም ያላቀበለኝን፣ ከገዛ ልብህ አውጥተህ።»

አቶ ክንዴ በፈረሰኛነታቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። ጥቂት አሰቡና ቴሌቪዥን ቀርቶ ጎረቤት አያውቀውም ያሉትን መረጡ። «አባቴ የሞተ ጊዜ፣ ልቅሶው ላይ የጋለብሁባት ፈረሴ...»

«ቦራ ናት፣ ግንባሯ ነጭ! ደግሞም ያንተ አልነበረችም፤ ተውሰህ ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን የራሴ ናት ሲሉ የኖሩት አቶ ክንዴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ይህንን ደግሞ ማን ነገረህ?»

መምህር ፋንታሁን አንድ ጊዜ አዩአቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። እንግዳቸውን እንደቆሙ ትተው ከሳሎን ወጡና የመኝታ ቤታቸውን በር ከኋላቸው ዘጉት።