የጨመርኩት ዘይት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ይበልጣል፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? ባለቤትዎ ሰርካለምና ልጆቹ ደህና ናቸው? የዱባዩ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይስ አሁንም ያው ነው? እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን በሕይወት አለን። የእናታችን ክንድ ገና ጀሶ ውስጥ ነው፤ ሕመሙ ግን ቀለል ብሎላታል። ትናንት ደህና አድርጋ እህል ቀምሳለች።

ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልዎ ወድጄ አይደለም። ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዘንድሮ ጤፍ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። እርስዎ የላኩትን ፍሬን የገጠመልን መካኒክ ጥላዬ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠርቷል። ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም።

የጠየቁኝን ላስቀድም። የተጋጨችው መኪና ስትጠገን ከበፊቱም የበረታ ፍሬን ልላክ ወይ ብለውኛል። አይላኩ፣ ጋሼ። በዚህች ኮሮላ ከቤት ትምህርት ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎ ንፋስ መውጫ እንጂ ሌላ የት እሄዳለሁ? ለዕለት መንገድ ፋብሪካው የሰጣት ፍሬን ይበቃታል፤ የፍሬኑ ሸራ በጊዜው ይቀየር፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ልውረደው እንጂ። የላኩት ፍሬን ግሩም ነበር፤ ነካ ሳደርገው ቀጥ ያደርጋት ነበር። ጥላዬም ሲገጥመው አላበላሸውም። ወኪልዎን ሚሊዮንን ልከው ያስከሰሱት ጥላዬ ጥፋት የለበትም።

በስልክ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ጥላዬ መኪናዋን ሲያስረክበኝ የፍሬኑን ፈሳሽ ማጠራቀሚያ እያየሁ፣ ዘይቱ ከመስመሩ ሲወርድ እንድጨምር ነገረኝ። ዘይት ነው ያለኝ፤ እዚህ አገር ማን ሌላ ስም ያውቅለታል? ከወር በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ጎድሏል። ከኋላ የነበረውን የሞተር ዘይት አምጥቼ ሞላሁበት። ክዳኑ ላይ ከፍሬኑ ፈሳሽ ሌላ እንዳይጨመር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አላነበብኩም እንዳልልዎ አንብቤዋለሁ። ለልጆች ስለ ሰበቃ የማስተምረው የፊዚክስ መምህር፣ ያው ዘይት ዘይት ነው ብዬ ከደንኩት። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ አሳብጦ እንደሚያበላሽ የተማርኩት መኪናዋ ከተጋጨች በኋላ ነው።

አደጋው የደረሰው አርብ ዕለት እናታችንን ለዓይኗ ሕክምና ንፋስ መውጫ ወስጃት ስንመለስ ነበር። ፔዳሉ ከጠዋት ጀምሮ ልል ብሎኛል፤ ችላ አልኩት። ወደ አርብ ገበያ በሚያስገባው ቁልቁለት ገበያተኛው ከነአህያው መንገዱን ሞልቶታል። ስረግጠው እግሬ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደገምኩት፤ ባዶ ነው። ጥሩምባውን ተጭኜ ማርሹን ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ መለስኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ፍጥነቷ ቀነሰ እንጂ አልቆመችም። ከፊቴ ገብስ የጫኑ ሁለት አህዮችና ሕፃን ያዘለች ሴት ነበሩ። እናታችን ማርያምን ትጠራለች። መሪውን ጠምዝዤ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ጉብታ ጋር አላተምኳት። ሰው አልሞተም፤ የእናታችን ክንድ ግን ተሰበረ።

በማግስቱ ጥላዬ መጥቶ ፈታታው። ያበጠውን ላስቲክ ይዞ አሸተተው። ሚሊዮንና ሌሎች ሰዎች ቆመው ስለነበር ወደ ጎን ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ምን ዘይት ነው የጨመርክበት?» አለኝ።

«ምንም አልጨመርኩም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና ላስቲኩን ይዞ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገረም። እሱ ዝም ስላለ፣ ሰው ሊያስፈጅ ነበር እየተባለ ደንበኛው ሁሉ ሸሽቶታል።

እናታችን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ልጄ ባይሆን ኖሮ አልቄ ነበር እያለች ትመርቀኛለች፤ ጥላዬን ትረግመዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ። አፈርኩ፣ ጋሼ። እውነቱን የነገርኩት ለባለቤቴ ለርብቃ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊት ነስታኛለች፤ እስከ ሰኞ ካልተናገርኩ እሷው ጣቢያ እንደምትሄድ ነግራኛለች። ደግሞ ታደርገዋለች።

መኪናዋ በስምዎ ናትና ክሱን የሚያነሱት እርስዎ ነዎት። እባክዎ ዛሬውኑ ለሚሊዮን ይደውሉለት። ቢያነሱም ባያነሱም ሰኞ ጠዋት ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ለእናታችን ደግሞ ይህን ልኬ እንደጨረስኩ እነግራታለሁ። ምርቃቷን ብታነሳብኝ አልፈርድባትም። እርስዎም እንደፈለጉ ይቆጡኝ።

እናታችን ለወገብዎ ተስላለችና አይዞህ በልልኝ ብላለች። ርብቃ ለሰርካለም የከበረ ሰላምታዋን ታቀርባለች። ልጃችን ፅጌረዳ አጎቷን ልትስም ስልኬን ይዛ ትዞራለች። ሚሊዮንም ሰላም ብሏል።

ከጥላዬ ሰላምታ የለም። ትናንት በጋራዡ በር ሳልፍ እጄን ብዘረጋለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ታናሽ ወንድምዎ እንየው
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.