ከወንድ ወገን አንድ ሰው

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ

የአፓርታማው ማድረቂያ ዛሬም አይሠራም። ልብሱን በረንዳ ላይ አሰጣሁት። አውቶቡስ ዘገየ። ምሳ ብቻዬን በላሁ... እንደተለመደው።

ታሪክ ክፍል ሚስ ግሪን የተጠቀለሉ ወረቀቶች ሳህን ውስጥ አድርጋ አዞረች። ለኔ የእንግሊዝ ንጉሥ ደረሰኝ። ኤድዋርድ ስምንተኛ። ዘውዱን በፈቃዱ የተወው። ሜይ 15 ክፍል ፊት ቆሜ አምስት ደቂቃ ላወራ ነው። አምስት ደቂቃ! እዚህ አገር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያወራሁት ሁሉ ቢደመር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ካርቱም ስንኖር ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከክፍሉ ትልቋም እኔ፣ ዝምተኛዋም እኔ።

እራት ላይ ሦስት ነበርን። አባባ፣ እማዬ፣ እኔ። ስለ ወንድሜ ማንም አላነሳም። ከቤት ከወጣ ሁለት ወር ሆነው።

ሜይ 2፣ ዓርብ

ስለ ንጉሡ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ የተፋታች ሴት ወደደ። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያናቸውም የበላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ያኔ ፈት ሴት አያጋባም ነበር፣ የፊተኛው ባሏ በሕይወት ካለ። ወይ እሷ ወይ ዙፋኑ ሆነበት። እሷን አለ። ዓመት እንኳን ሳይነግሥ።

ቆይ... ይሄ ዮናታን አይደል እንዴ?

ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ።

ወንድሜ ዮናታን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዲያቆን ነው። ካርቱም ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን ሐምራዊትን ሊያገባ ነው። ሐምራዊት አግብታ የፈታች ናት። ዲያቆን ፈት ካገባ ድቁናው ይቀራል። ይሄን እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁዳዴ ሲገባ ለአባባ ነገረው። አባባ "ወይ መቅደሱ ወይ እሷ!" አለው። ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ ኖርክሮስ የሚባል ከተማ ጓደኛው ጋ ገባ።

ለፋሲካ ቅዳሴ መጥቶ ነበር። መቅደስ አልገባም። ከሕዝቡ መሃል ቆመ። ሰው ሁሉ እየዞረ አየው። እሱ ግን አንገቱን አልደፋም።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ሚስ ግሪን ረቂቄን ኢሜይል አድርጋ መለሰችልኝ። አንድ ቦታ በቀይ ከብባ "ንጉሡ ዲያቆን ነበር? ከየት አገኘሽው?" ብላለች። ለካ "ፈት ስላገባ ድቁናው ቀረ" ብዬ ጽፌያለሁ! ከየትም አላገኘሁትም። እጄ በራሱ ነው የጻፈው።

ሜይ 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ፍቅርተ እማዬን ያዘቻት። ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አሰፋሽ፣ ያ ልጅሽ እንዴት ነው? ውይ... እንደዚያ ያለ ድምፅ! ምን አስነክታው ይሆን?"

እማዬ መሬት መሬት አየች። እኔም። "ምንም አላስነካችውም፣ ወዷት ነው" ማለት አቅቶኝ ነው? አዎ፣ አቅቶኝ ነው።

መኪና ውስጥ አባባ "ስሙ... ስለ እሱ እኔ ቤት አይወራም፣ አበቃ" አለ። ማንም አላወራም እኮ።

ሜይ 8፣ ሐሙስ

ዮናታን ትምህርት ቤት መጣ። ፓርኪንጉ ጋ ጠበቀኝ።

"ማሂዬ፣ ከሳሽ?"

"አንተ ነህ የከሳኸው።"

ሰርጉ ሜይ 16 ነው፣ ዓርብ፣ ዲኬተር ፍርድ ቤት፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት። አባባ ሽማግሌ አልልክም ስላለ ራሱ ሄዶ ሐምራዊትን ከአጎቷ ከጋሽ እንድርያስ ለምኗል።

"ጋሽ እንድርያስ በሩን ከፍተው ወደ ኋላዬ ያያሉ። 'ሽማግሌዎቹስ? ፓርክ እያደረጉ ነው?' አሉኝ። 'እኔው ነኝ' አልኳቸው።"

"ሙች በለኝ!"

"ሙች! ከዚያ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ብዬ ቆምኩ። ረሱኝ መሰለኝ፣ ኳስ ማየት ጀመሩ። በእረፍት ሰዓት 'በል ተቀመጥ፣ ሰጥተናል' አሉኝ።"

ሳቅን፣ ሳቅን።

"ከኛ ቤት ማን ይመጣል?" አልኩት።

"ማንም። ኢትስ ኦኬ። አንቺም እንዳትመጪ፣ ከአባባ ጋር እንዳትጣዪ።"

ኦኬ አይደለም። ፊቱን አይቻለሁ።

ሜይ 11፣ እሑድ

ንጉሡ ዘውዱን በተወ በስድስት ወሩ ፈረንሳይ አገር አገባ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልሄደም። እናቱም፣ ወንድሞቹም፣ እህቱም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ሰው?

ከዚያ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረ፣ አብዛኛውን ፓሪስ። አገሩን በእንግድነት ካልሆነ አላየም። ብዙ ስህተትም ሠራ። ግን እኔ የማስበው ያንን ቀን ነው። በር ሲከፈት ዞር ብሎ አይቶ ይሆን? ወንድሞቼ መጡ ብሎ?

እሄዳለሁ።

ጽፌዋለሁ። እሄዳለሁ።

ሜይ 15፣ ሐሙስ

ተናገርኩ! አንዱ ልጅ ከኋላ "ሰውዬው እኮ ሂትለር ጋ ሄዶ ነበር" አለ።

"አዎ፣ ሄዷል። ጥሩ ሰው ነው አላልኩም" አልኩት። "የወንድምህ ሰርግ ላይ የምትሄደው ጥሩ ሰው ከሆነ ብቻ ነው?"

ፊቴ እሳት ሆነ፣ ግን አልተቀመጥኩም። ስለ ዮናታንም ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረው።

ቤት ስገባ አባባ ለሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር። አሁን ካልነገርኩት አልነግረውም ብዬ...

"አባባ፣ ነገ የዮናታን ሰርግ እሄዳለሁ።"

ቀና አለ።

"ከሄድሽ አባቴ እንዳትዪኝ።"

"ታዲያ ምን ልበልዎት?"

ለመሳለቅ አልነበረም። እውነቴን ነው፣ ሌላ ስም አላውቅለትም። እማዬ ከኩሽና "አንቺ ልጅ!" አለች። አባባ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። አንዱ ጫማው አልታሰረም።

ሜይ 16፣ ዓርብ

ትምህርት ቤት ቀረሁ። የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። እማዬ አየችኝ። ሂጂም አላለች፣ አትሂጂም። እኛ ካለንበት ከአቮንዴል ዲኬተር በባቡር አንድ ፌርማታ ነው። አንድ ፌርማታ ብቻ... እንደዚያ የራቀ ቦታ ሄጄ አላውቅም።

የሐምራዊት ሰዎች ስምንት ነበሩ። ዮናታን ጀርባውን ሰጥቶ ከረባቱን ያስተካክላል። ሐምራዊት ናት መጀመሪያ ያየችኝ። ምንም ሳትል ትከሻውን ይዛ አዞረችው። እጁ ከረባቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ፊቱን ሸፈነ።

ጋሽ እንድርያስ "ከወንድ ወገን ማን መጣ?" አሉ።

"እኔ።"

"አንቺ ብቻ?"

"እኔ ብቻ። አንሻለሁ?"

"ኧረ አታንሺም! አፍሽ ብቻ ለአሥር ሰው ይበቃል።"

እኔን! በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ዳኛዋ አንብባ ጨረሰች። እልል ማለት ነበረብኝ፣ ከወንድ ወገን ሌላ ሴት የለማ። ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ። ደገምኩት።

ሜይ 18፣ እሑድ

አባባ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። ቤተ ክርስቲያን ግን ይዞኝ ሄደ። እትዬ ፍቅርተ ዛሬም መጣች።

"ያ ወንድምሽ... እውነት ነው የሚባለው?"

"እውነት ነው። ዓርብ አገባ። ሰርጉ ላይ ነበርኩ፣ በጣም ያምር ነበር።"

መሬት አላየሁም።

ከሰዓት እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ተጠጋችኝ። በሹክሹክታ፦

"ምን ለብሶ ነበር?"

አባባ ሳሎን ቴሌቪዥን እያየ ነው። በሩ ክፍት ነው። ድምፄን ዝቅ ላድርገው? አላደረግኩም።

"ዮናታን ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ነበር" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እማዬ ደንግጣ በዓይኗ ወደ ሳሎን አመለከተችኝ። እኔ ግን ቀጠልኩ። ሐምራዊት እንዴት እንደሳቀች፣ ዳኛዋ ስሙን መጥራት እንዴት እንዳቃታት...

ሳሎን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

እማዬ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ማውራቴን አላቆምኩም።