የእህቴ ፎቶ ከውበት ቤቱ መስኮት እንዲወርድ

ለከተማችን የጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ቢሮ ካሉ በቢሮዎ፣ ከሌሉም ባሉበት።

እጅግ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ከግንባራችሁ እስከ አገጫችሁ ድረስ ፍጹም ጤነኛ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። በደብዳቤ ወግ «እኛ ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ሐሰት መጻፍ እንደሚያስጠይቅ ስለተማርን ትቼዋለሁ።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የሞተችው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው የውበት ቤት መስኮት ላይ ግን እስከ ዛሬ ፈገግ ብላ የምትታየው ልጅ ታናሽ ወንድም ነኝ። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶዋን ያስወርዱልን። ጥያቄው በጣም አጭር ስለሆነ ከብዙ ሥራዎ መካከል እንዳይጠፋብዎት ሰግቼ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አስረዝሜ አብሬ አቅርቤያለሁ።

አንደኛ። ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። በውበት ቤቱ ግድግዳ ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለው፣ ማኅተማችሁ ያረፈበት ፈቃድ «የጸጉርና የጥፍር ሥራ» ይላል። ተቆጣጣሪዎ ቤቱን እየመጡ እንደሚጎበኙ ጸጉር ሠሪዎቹ በኩራት ነግረውኛል። ፎጣዎቹ መታጠባቸውን አይተዋል፤ የእሳት ማጥፊያው ጊዜ እንዳላለፈበት አረጋግጠዋል፤ በስተጓሮ ያለችው ክፍል መጋረጃ አድፎ ስላገኙትም በነጭ እንዲቀየር በጥብቅ አዘዋል። መጋረጃው ተቀይሯል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እንከን የማይወጣለት ነጭ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ አገጭ የሚተከልበት፣ ጉንጭና ከንፈር በፊለር መርፌ የሚሞላበት ክፍል አለ። ከቀብሩ በኋላ ከአባቴ ጋር ገብቼ ነበር። ጸጉር ለማጠብ የተሠራ ወደ ኋላ የሚተኛ ወንበር፣ እኔ ከማጠናበት የማይለይ የጠረጴዛ መብራት፣ የፊለር መርፌና የሠራተኞች ምሳ አብረው የሚቀዘቅዙባት ትንሽ ፍሪጅ፣ ግድግዳው ላይም እንደ ጫማ በቁጥር የተደረደሩ የአገጭ ሥዕሎች አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለውን ሰውዬ አባቴ የት እንደተማረ ሲጠይቀው፣ «እጄ ቀላል ነው፤ የሠራኋቸውን ሁሉ ይጠይቁ» አለ። እኛ የምናውቀው አንዷን ብቻ ስለነበር ተነስተን ወጣን። ተቆጣጣሪዎ መጋረጃውን አስነጥተው ገለጥ ሳያደርጉት የተመለሱበትን ጨዋነት ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ። እህቴ ከአቅሟ በላይ አማራት የሚሉ ሰዎች በጽሕፈት ቤትዎም ኮሪደር ላይ ስላጋጠሙን፣ ስለ አገጫችን ትንሽ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። አገጩ የአባታችን ነው። ከከንፈር በታች ብቅ ሊል ይልና አፍሮ ወደ አንገት ይመለሳል። እኔም አለኝ፣ እህቴም ነበራት። እህቴ ስልክ ጠጋኝ ነበረች። ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ፣ በማጉያ መነጽር አጎንብሳ ስትሠራ ደንበኛው ሁሉ የሚያያት በጎን ነው። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ስልኩን ስትፈታለት ቪዲዮ ቀርጾ ለቀቀው። ስለ እጇ ፍጥነት የጻፈ ሰው ጥቂት ነበር። የቀረው ሁሉ «ልጅቷ አገጯን የት ጣለችው?» እያለ ይሳለቅ ነበር። እሷም እየሳቀች «ስክሪን ስቀይር ወድቆብኝ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ስልኳን ሳትይዝ፣ ያንን ቪዲዮም ሳትከፍት ያየኋት ቀን ትዝ አይለኝም።

«እታለም፣ ተያቸው፤ የራሳቸውን ፊት ደብቀው እኮ ነው የሚሳደቡት» አልኳት።

«አንተ ምን አለብህ ማሙሽዬ፣ ነገ ጺም ያበቅልልሃል፣ ትሸፍነዋለህ» አለችኝ። «እኔ ምኔን ላብቅልበት?»

ለቀስተኛው ሁሉ «የተሰጣትን ፊት ብትወድ ኖሮ» እያለ እማዬን ሲያደማት ሰነበተ። እነዚያው ሰዎች የልጆቻቸውን ጥርስ በሽቦ አሳስረው ያስቀናሉ፤ የተሰጠህን ጥርስ ውደድ ያለ አልሰማሁም። ፊቷ የራሷ ነበር፤ ማማርም መብቷ ነበር። እህቴ ያጠፋችው ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማኅተማችሁን ማመኗ ነው። ስለዚህ በኮሪደራችሁ የሚያንሾካሽኩት ሰዎች ሐሜታቸውን ወደ እርስዎ ቢሮ ጠጋ ብለው ቢያካሂዱት ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ። ስለ ጋራንቲው። እህቴ እዚያ ክፍል ገብታ አገጯን በሲሊኮን ባስሞላች በማግሥቱ አገጯ አበጠ። ፋሻው ተፈቶ ፎቶ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ባሰበት። ስትደውል «ዶክተሩ» «እብጠቱ ቦታ እየያዘ ነው፣ አይዞሽ። ሌላ ሐኪም ጋ እንዳትሄጂ፤ ሌላ እጅ ከነካው ጋራንቲ የለውም» አላት። የተከበሩ ኃላፊ፣ ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። እህቴ ግን ከስልክ ሱቅ የመጣች ናት። የጠገነችው ስልክ ብሎን ላይ ቀጭን ስቲከር ትለጥፋለች፤ ስቲከሩ ተቀዶ ከመጣ «ሌላ ሰው ከፍቶታል፣ ኃላፊነት አልወስድም» ብላ ትመልሳለች። ይህ የሥራዋ ሕግ ነበር፤ ለዘመድም አታላላም። አባዬ «ተነሺ ሆስፒታል እንሂድ» ሲላት ሻርፗን እስከ ጆሮዋ ጠቅልላ፣ «አባዬ፣ ሌላ ሰው ከከፈተው እኮ በቃ ዘወር ብሎ አያየኝም። እኔም ብሆን አላይም» አለችው። እንዲህ እያለች እማዬ ሾርባ በማንኪያ እስክታጎርሳት፣ ድምጿ እስኪዘጋ፣ አንገቷ ከፊቷ እስኪወፍር ድረስ ጋራንቲዋን ጠበቀች። «ዶክተሩ» መጀመሪያ ስልክ ያነሳ ነበር፤ ቀጥሎ «እረፍት ላይ ነኝ» አለ፤ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። ተሸክመን ሆስፒታል ስናደርሳት ኢንፌክሽኑ ወደ ደረቷ ወርዶ ነበር። ተረኛው ሐኪም «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ ጮኸብን። እማዬ ዕቃ ስታጥብ ለብቻዋ የምትመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የተላከው በስሕተት ስለሆነ ወደ ትክክለኛው አድራሻ፣ ወደ እርስዎ፣ በአክብሮት አስተላልፌዋለሁ።

አራተኛ። ስለ መስተንግዶው። አባቴ አቤት ሊል ቢሮአችሁ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። ወጣቱ ባለሙያ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ይህን አልረሳም።

«አባት፣ ፊት ላይ የደረሰ ጉዳት በዓይን ታይቶ ነው የሚመዘነው። ተጎጂዋ በአካል ትቅረብ» አለ።

«ልጄ፣ ሞታለች እኮ ነው የምልህ።»

«ገብቶኛል አባት፣ ነፍስ ይማር። መመሪያው ግን በአካል ነው የሚለው። ለሞት ደግሞ ሌላ ክፍል ነው፤ እነሱ ፊት አያዩም።»

አባቴ ቁጡ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቁጣ አልመጣለትም። እየተገረመ ወጣ፤ እየተገረመ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ቤት ሲደርስ ለእማዬ ሰውየው ያለውን ቃል በቃል ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጺሙን ላጭቶ አያውቅም። ሰው የሐዘን ነው ይላል። እኔ ግን መስታወት ፊት ቆሞ አገጩን በእጁ ሲሸፍን አይቼዋለሁ፤ እህቴን የገደላት እሱ ያወረሳት አጥንት ይመስለዋል። ሰውን ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ማድረግ ብዙ መርማሪ የሚያደክም ሥራ ነው፤ የእርስዎ ቢሮ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል።

አምስተኛ። የኋላ ኋላ በውበት ቤቱ በር ላይ ለለጠፋችሁት የእሸጋ ወረቀት አመሰግናለሁ፤ በጓሮ በር ለሚገቡት ደንበኞች ቤቱን የሚለዩበት ጥሩ ምልክት ሆኗቸው ሰንብቷል።

ስድስተኛ። ውበት ቤቱ ስሙን ሲቀይር እሸጋው ተነሳ። አዲስ ስም ያለው ድርጅት አዲስ ድርጅት ነው፣ አዲስ ድርጅት ደግሞ የቆየ ጥፋት የለበትም ተባልን። ቀለሙ ተለወጠ፣ ታፔላው ተለወጠ፣ «ዶክተሩ» እንኳ ጋወኑን ለወጠ። ያልተለወጠው የእህቴ ፎቶ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ቆንጆ ነው፤ በጎን ነው የተነሳችው፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከሥሩ በትልቅ ፊደል «ቀጣዩ ፊት የእርስዎ ነው» የሚል ተጽፏል። እማዬ አሁን ከፌርማታው ቀድማ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ነው የምትመጣው። ይህን ይዤ ስመጣ ሠራተኞችዎ የፎቶ ጉዳይ የንግድ እንጂ የጤና ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ለማንኛውም ግን ባለፎቶዋ ራሷ ብትጠይቅ የተሻለ እንደሚሆን በቅንነት መከሩኝ።

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ስጠብቅ የትምህርት ቤታችንን ሹራብ የለበሰች የታች ክፍል ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት።

«ይቺን አየሃት?» አለችኝ። «ልክ እንደሷ እንዲያደርገኝ ነው የምነግረው። ቀጠሮ ይዣለሁ።»

«እህቴ ናት» አልኳት።

«ውሸትህን ነው! እስቲ ማርያምን በል? ወይኔ፣ ጠይቅልኝ በናትህ፣ ያማል ወይ?»

ነገርኳት። መጀመሪያ «በእህት ይቀለዳል እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ፊቴን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ አገጬን ለረጅም ጊዜ አየችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ቀጠሮዋን ትሰርዝ አትሰርዝ አላውቅም። በማግሥቱ ግን እዚያው ቦታ ላይ ሌሎች ቆመው ነበር።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እህቴ በሕይወቷ ሰው አታልላ አታውቅም። የማይሠራ ስልክ ይሠራል ብላ አልሸጠችም። አሁን ግን በሞተችበት ነገር፣ ከሞተች በኋላ፣ በየቀኑ ሰው እየጠራች እንድታስገባ ተደርጋለች፤ በእርስዎ ማኅተም ሥር። ይህን ሥራ አልተቀጠረችበትም። እንድትለቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ፎቶው እስኪወርድ ድረስ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ መስኮቱ ፊት እቆማለሁ። የቤቱ ዘበኛ «ጎረምሳው፣ ዞር በል፣ ደንበኛ ታባርራለህ» ብሎኛል፤ አዎ፣ የመጣሁት ለዚያ ነው ብዬዋለሁ። መስታወቱን አልሰብርም፤ ፎቶውን አልቀድም፤ ማንንም አልሳደብም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይቺ ማን እንደሆነችና አሁን የት እንዳለች ብቻ እነግራለሁ። አስተማሪዎቼ ውጤቴ እንዳያሽቆለቁል ስለመከሩኝ ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው። ዝናብ ቢመጣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ክዳን አለው። እርስዎም በዚያ ካለፉ መኪናዎን ቆም ያድርጉና ይጠይቁኝ፤ ለእርስዎ ከሌላው አስበልጬ አብራራለሁ።

በዚሁ ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደበዝዝ፣ ከመጋረጃ ኋላ ያለው ሁሉ ለዘላለም እንዳያስጨንቅዎት እየተመኘሁ፣ ከአባቴ ጥልቅ አድናቆትና ከእናቴ ዝምታ ጋር ይህን ደብዳቤ እዘጋለሁ።

ደጅዎን በመጥናት ኮሪደርዎን ከገዛ ቤቴ ይልቅ የለመድኩት፣
የባለፎቶዋ ታናሽ ወንድም

ከፊርማዬ በኋላ የሚነበብ፦ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ከማውጣቴ በፊት በአካል ይዤው መጥቼ ነበር። የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ በፈገግታ ተቀብለውኝ፣ ዕድሜዬን ጠይቀው፣ አቤቱታ ለማቅረብ ገና አልደረስክም ብለው መለሱኝ። ከነጩ መጋረጃ ኋላ ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ፣ እኚህን ጠንቃቃ ሠራተኛ ወደዚያ ቢያዛውሩልን የትምህርት ቤታችን ልጆች ይተርፉ ነበር። እስከዚያው ድረስ ግን ሰኞ ከትምህርት በኋላ የክፍሌን ልጆች በሙሉ ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ፤ አንድ በአንድ ካልደረስን የሁላችንንም ዕድሜ ደምረው ይቀበሉን።